የጎብኚ ጎርፍ፤ ለአነስተኛ ድረ ገጽ ሲሳይ ወይስ ዕዳ?

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2015 የአንዲት ቀሚስ ፎቶግራፍ የኢንተርኔቱን ዓለም ሲያምስ አመሸ። ቀሚሷ ለአንዱ ነጭና ወርቃማ፣ ለሌላው ሰማያዊና ጥቁር ሆና ትታይ ስለነበር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ሰዎች ሳይቀሩ ተከራከሩባት። ፎቶግራፉ የወጣው ስኮትላንድ ውስጥ በተደረገ ሠርግ ላይ ሙዚቃ በተጫወተች ወጣት የግል ገጽ ላይ ሲሆን፣ ገጹም ተምብለር በተባለው የጦማር አገልግሎት ውስጥ የተከፈተ ነበር። ከዚያም በዝድፊድ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ወሬውን ተቀብሎ አወጣው። በዚያው ምሽት በአንድ ቅጽበት ብቻ ከ670 ሺህ በላይ ሰዎች ያንኑ አንድ ገጽ ከፍተው ይመለከቱ እንደነበር ድርጅቱ አስታውቋል።

ለገበያ ገጽ አንባቢ ከቀሚሷ ቀለም ይልቅ ቁም ነገሩ ገንዘቡ ማን ኪስ እንደገባ ማወቁ ነው። ፎቶግራፉ የወጣበት የግል ገጽ የሚሸጥ ዕቃ አልነበረውም። በዝድፊድ ኑሮው በጎብኚ ብዛት ነውና ቁጥሩን ለማስታወቂያ ደንበኞቹ ይዞ ቀረበ። የቀሚሷ ሻጭ ሮማን ኦሪጅናልስ የተባለው፣ በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ የሚገኘው የሴቶች ልብስ ድርጅት ደግሞ ዋጋዋ 50 ፓውንድ የነበረውን ቀሚስ በማግስቱ ሸጦ ጨረሰ። ነገሩን የጀመረው አንዱ፣ ሕዝቡን የሰበሰበው ሌላው፣ ዕቃውን የሸጠው ሦስተኛው ወገን ሆነ ማለት ነው።

በአገራችንም ጦማር ወይም አነስተኛ ድረ ገጽ ከፍተው ስለ ምግብ አሠራር፣ ስለ መኪና ዋጋ፣ ስለ ቤት ኪራይ ወይም ስለ ሽመና ሥራ የሚጽፉ ጥቂት አይደሉም። ከጽሑፎቻቸው አንዱ በፌስቡክ፣ በቲክቶክ ወይም በቴሌግራም ድንገት ሲዛመት ምን እንደሚያገኙና ምን እንደሚያጡ መረዳት ለእነርሱም፣ ማስታወቂያ ለሚሰጣቸው ነጋዴም ይጠቅማል። በአንድ ቀን ሆይ ሆይታ ተገፋፍቶ ከአቅሙ በላይ ወጪ ውስጥ የሚገባ ባለ ገጽ አለ። በዚያው የአንድ ቀን ቁጥር ተማርኮ የማይመጣ ደንበኛ የሚጠብቅ ማስታወቂያ ገዢም አለ።

ጎርፉ ከየት ይነሣል?

ነገሩ ከፌስቡክ በፊት የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ሮብ ማልዳ የተባለ አሜሪካዊ የጀመረው ስላሽዶት የተሰኘ የቴክኖሎጂ ዜና ገጽ የአንድን አነስተኛ ድረ ገጽ አድራሻ ባወጣ ቁጥር አንባቢዎቹ ተግተልትለው ይሄዱና ገጹን ከአገልግሎት ውጪ ያደርጉት ነበር። ነገሩ ሲደጋገም «የስላሽዶት ውጤት» የሚል ስም ወጣለት። የኮምፒውተር መሐንዲሶች ከዚህም ሌላ ስም አላቸው። ላሪ ኒቨን የተባለው የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ድርሰት፣ ሰው ከቦታ ቦታ በቅጽበት መጓዝ ቢችል አንዲት ግርግር በተነሣች ቁጥር ሥራ ፈት፣ ወሬ ፈላጊና ሌባ ከየአገሩ ተጠራርቶ እዚያ እንደሚከማች ያሳያል። መሐንዲሶቹ ለጎብኚ ጎርፍ የሰጡት ስም ከዚሁ ድርሰት ርዕስ የተወሰደ ነው። የግርግር ባሕርይ የገባው ደራሲ ነበር።

የዛሬው ጎርፍ ከስላሽዶት ዘመን የሚለየው በመራጩ ነው። ያኔ አድራሻውን የሚመርጠው አርታኢ ነበር። አሁን የሚመርጠው በአብዛኛው በየማኅበራዊ ሚዲያው ውስጥ የሚሠራ የኮምፒውተር ቀመር ነው። ቀመሩ አንድን ጽሑፍ በቅድሚያ ለጥቂት ሰዎች ያሳያል፤ እነርሱ ከወደዱት፣ አስተያየት ከሰጡበትና ለሌላ ካስተላለፉት ለበለጡ ሰዎች ያሳያል፤ እነዚያም እንዲሁ ካደረጉ ደግሞ ለእጅግ ለበለጡ። አወጣጡ በእጥፍ የሚያድግ በመሆኑ ባለ ገጹ ጠዋት 20 ጎብኚ አይቶ የወጣ እንደሆነ ማታ ሲመለስ 20 ሺህ ሊያገኝ ይችላል። አወራረዱም የዚያኑ ያህል ፈጣን ነው። አዲስ ያዩት ሰዎች ጉዳዩን ካልተቀባበሉት ቀመሩ ወዲያው ፊቱን ወደ ሌላ ያዞራል። ስለዚህ አብዛኛው ጎርፍ የሚለካው በሰዓታት ነው፤ ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ ረዥም ዕድሜ አገኘ ይባላል።

ምጣዱ አንድ ነው

ድረ ገጽ የሚቀመጠው ሰርቨር በሚባል፣ ሌትና ቀን በማይጠፋ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። አነስተኛ ገጾች አንዱን ሰርቨር ከብዙ ሌሎች ገጾች ጋር በኪራይ ይጋራሉ፤ ኪራዩ የሚረክሰውም ለዚህ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ አንድ የመብራት ቆጣሪ የሚጋሩ ተከራዮችን ማሰብ ይበቃል። አንደኛዋ ምጣድ ስትሰካ የጎረቤቷ አምፖል ይፈዛል፤ ሁለተኛዋ ስትጨምርበት ቆጣሪው ይወድቅና ግቢው በሙሉ ይጨልማል። አከራዩ መጥቶ ምጣዱን የሚያስነቅለው ያቺን ተከራይ ጠልቶ ሳይሆን ሌሎቹ ስለጮሁበት ነው። የሰርቨር አከራይም ጎርፍ የመጣበትን ገጽ ሲዘጋ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ባለ ገጹ በሕይወቱ ብዙ ሰው በፈለገው ቀን በሩ ተዘግቶ ይውላል።

አከራዩ ጎርፉን ከጥቃት ጋር የሚያምታታበትም ጊዜ አለ። ድረ ገጽን ሆን ብለው ለመጣል በሺዎች ከሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ ጥያቄ የሚልኩ ወንጀለኞች ስላሉ፣ ከሩቅ ሲታይ የእነርሱ ሥራና የእውነተኛ አንባቢ ግርግር ይመሳሰላል። ይህ በትልልቆቹም ላይ የደረሰ ነው። ማይክል ጃክሰን እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 2009 ባረፈበት ዕለት ስሙን የሚፈልገው ሰው ከመብዛቱ የተነሣ ጉግል ነገሩን ጥቃት ነው ብሎ ጠርጥሮ ለተወሰነ ጊዜ ለፈላጊዎቹ የስሕተት መልእክት ሲሰጥ ነበር። ጉግል የተሳሳተበትን ለመለየት በወር ጥቂት ዶላር የሚቀበል የሰርቨር አከራይ ይችላል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ብዙዎቹ አነስተኛ ድረ ገጾች የሚሠሩት አንድ ሰው ገጹን በጠየቀ ቁጥር ጽሑፉን፣ ፎቶግራፉንና አስተያየቱን ከመረጃ ቋት ለየብቻ አውጥቶ፣ አገጣጥሞ በሚያቀርብ ፕሮግራም ነው። ዎርድፕረስ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የተስፋፋው ፕሮግራም መሠረታዊ አሠራሩ ይኸው ነው። ለእያንዳንዱ እንግዳ እንጀራ እንደ አዲስ እንደሚጋገርበት ምግብ ቤት ማለት ነው። በቀን 300 ሰው ለሚመጣበት ቤት ይህ ችግር የለውም። 300 ሰው በአንድ ደቂቃ ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል።

ለምሳሌ ያህል ሰርቨሩ አንድን ገጽ ለማዘጋጀት ግማሽ ሴኮንድ ይፈጅበታል፣ በአንድ ጊዜም አራት ገጽ ማዘጋጀት ይችላል እንበል። በሴኮንድ 8፣ በደቂቃ 480 ሰው ያስተናግዳል። በደቂቃ 1,000 ሰው ቢመጣ 520ው ይሰለፋል። በ5 ደቂቃ ውስጥ ሰልፉ 2,600 ይደርሳል፤ መጨረሻ ላይ የቆመው ሰው ተራው እስኪደርስ ከ5 ደቂቃ በላይ መጠበቅ አለበት። ስልኩን ይዞ 5 ደቂቃ የሚጠብቅ ሰው የለም። ግማሹ ትቶ ይሄዳል፤ ግማሹ ደግሞ «እንደገና ክፈት» የሚለውን ደጋግሞ ይጫናል። እያንዳንዱ መጫን አዲስ ጥያቄ ሆኖ በሰልፉ ላይ ይታከላል፤ ጥሎ የሄደው ሰው ያዘዘውም ገጽ ቢሆን ብዙውን ጊዜ ምጣድ ይዞ ይቆያል። አቅርቦቱ ባለበት ሳለ ፍላጎቱ በራሱ ብስጭት የሚያድግበት ገበያ ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። በሌላው ገበያ ሰልፍ ሲረዝም ዋጋ ይወጣና ገዢው ይቀንሳል፤ እዚህ ግን ዋጋው ምንጊዜም ዜሮ ነው።

መፍትሔው ከሚፈራው በላይ ርካሽ ነው። እንጀራው አስቀድሞ ተጋግሮ መሶብ ውስጥ ይቀመጣል። ገጹ አንድ ጊዜ ከተዘጋጀ በኋላ ቅጂው ይያዝና ቀጥሎ ለሚመጡት በሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዎች ያው ቅጂ ይሰጣል፤ ምጣዱ የሚነካው ጽሑፉ ሲለወጥ ብቻ ነው። ለዎርድፕረስ ይህንን የሚሠሩ ነፃ ተጨማሪ ፕሮግራሞች አሉ። ከዚያም አልፎ ቅጂውን በተለያዩ አገሮች ባሉ ሰርቨሮች አስቀምጠው ለጎብኚው ከቅርቡ የሚያድሉ ድርጅቶች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 አገልግሎት የጀመረው ክላውድፍሌር ለአነስተኛ ገጾች ያለ ክፍያ የሚሰጠው አገልግሎት አለው። ፎቶግራፎችን ማሳነስም ብዙ ያግዛል። በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ እንዳለ ሲለጠፍ ከጽሑፉ በብዙ መቶ እጥፍ ይከብዳል።

ፔፐር የተባለው የኒውዮርክ መጽሔት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2014 የኪም ካርዳሺያንን ፎቶግራፍ ከማውጣቱ በፊት ቢያንስ 100 ሚሊዮን ዕይታ እንደሚመጣ ገምቶ ለመሐንዲሱ አስቀድሞ ነገረው። የድረ ገጹ አቅም ለዚያ የሚበቃ አልነበረም። መሐንዲሱ ቅጂዎችን በኪራይ ሰርቨሮች ላይ በትኖ ቀኑን ያለ ችግር አሳለፈው። ልዩነቱ መጽሔቱ ጎርፉ የሚመጣበትን ቀን ማወቁ ነው። ቀኑን የማያውቅ አነስተኛ ገጽ መሶቡን ከወዲሁ ማዘጋጀት ይኖርበታል።

ሒሳቡ በቆጣሪ ሲሆን

ከሰርቨር ኪራይ አንዱ ዓይነት በወር ቁርጥ ዋጋ ሲሆን ሌላው በፍጆታ ነው። የቁርጡ ኪራይ ጎርፍ ሲመጣ ይዘጋል እንጂ ዕዳ አያመጣም። የፍጆታው ኪራይ በተቃራኒው አይዘጋም፤ ይቆጥራል። ሁለተኛው ዘመናዊና አስተማማኝ ተደርጎ ስለሚወራለት ብዙዎች ወደዚያ ይሮጣሉ። እዚህ ላይ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ኔትሊፋይ ከተባለው ድርጅት ያለ ክፍያ በሚሰጠው አገልግሎት ይጠቀም የነበረ የአንድ አነስተኛ ድረ ገጽ ባለቤት 104,500 ዶላር እንዲከፍል የሚጠይቅ ሒሳብ ደረሰው። ምክንያቱ በገጹ ላይ የነበረች አንዲት የሙዚቃ ፋይል በጥቂት ቀናት ውስጥ ከልክ በላይ በተደጋጋሚ መወሰዷ ነበር። በጊዜው ከነፃው ጣሪያ በላይ ለሚተላለፍ ለእያንዳንዱ 100 ጊጋ ባይት 55 ዶላር ይከፈል ነበርና፣ ወደ 190 ሺህ ጊጋ ባይት ገደማ የሆነው ትርፍ ዝውውር ሲባዛ ውጤቱ ያው ነው። ድርጅቱ በመጀመሪያ ዕዳውን ወደ 5 ከመቶ ለመቀነስ ሐሳብ አቀረበ፤ ነገሩ በኢንተርኔት ከተዛመተ በኋላ ግን ሥራ አስኪያጁ ሙሉ በሙሉ መሰረዙን ገለጹ። የመጣው ጎርፍ የአንባቢ ሳይሆን የማሽን ጥያቄ እንደነበር ታምኗል፤ ቆጣሪው ግን አይለይም። ስለዚህ በፍጆታ የሚከራይ ሰው ውል ከመግባቱ በፊት የወጪ ጣሪያ ማበጀት ይቻል እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ማስጠንቀቂያ በኢሜይል መላክና ሒሳቡን ማቆም የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ባለ ገጹ ተኝቶ ሳለ ኢሜይሉ ምንም አያግድም።

ለአገራችን ባለ ገጽ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሰርቨሩን ከውጭ የተከራየ ሰው የሚከፍለው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት በባንክ ምንዛሪ በወር የ10 ዶላር ኪራይ ወደ 570 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ1,000 ብር በላይ ሆነ። ገቢው በብር፣ ወጪው በዶላር የሆነ ሰው ከአንድ የጎርፍ ቀን በኋላ በደስታ ወደ ትልቅ ሰርቨር ቢዛወር፣ በአንድ ቀን ስካር የዓመት ዕዳ ይገባል።

ስንቱ ይቀራል?

አሁን የገቢውን ወገን እንይ። ሁሉንም በምሳሌ እናስላው። በቀን 300 ጎብኚ ያለው ገጽ አለ፤ እያንዳንዱ ሦስት ገጽ ያነባል፤ በጠቅላላው 900 ዕይታ። ማስታወቂያው ለ1,000 ዕይታ 2 ዶላር ቢያስገኝ የቀኑ ገቢ 1 ዶላር ከ80 ሳንቲም፣ የወሩ 54 ዶላር ነው። በአንድ ቀን 60 ሺህ ሰው ድንገት መጣ እንበል። ከማኅበራዊ ሚዲያ የሚመጣ ሰው በአብዛኛው የመጣበትን አንድ ጽሑፍ አይቶ፣ ያውም ሳይጨርስ፣ ተመልሶ ይሄዳልና 60 ሺህ ዕይታ ብቻ ይሆናል። ገቢው 120 ዶላር ነው። ከሁለት ወር በላይ የሚያስገባ ቀን ቢሆንም፣ 60 ሺህ ሰው የሚለውን ቁጥር ሰምቶ ሀብታም ሆንኩ ላለ ሰው የሚያሳፍር ነው።

ከእነዚያ 60 ሺህ ሰዎች ውስጥ ከ200 አንዱ ብቻ ገጹን ወዶ ቋሚ አንባቢ ሆነ እንበል። 300 ሰው ይሆናል፤ የቀኑ ጎብኚ በእጥፍ አደገ ማለት ነው። እነርሱም እንደ ቀድሞዎቹ በየቀኑ ሦስት ሦስት ገጽ ቢያነቡ በወር ሌላ 54 ዶላር፣ በዓመት 648 ዶላር ያስገኛሉ። ጥለው ከሄዱት 59,700 ሰዎች ይልቅ የቀሩት 300 ከአምስት እጥፍ በላይ ዋጋ አላቸው። በጎርፉ ቀን የጠቅላላ ጎብኚውን ቁጥር እያዩ መደሰት ቀላል ነው፤ መቆጠር ያለባቸው ግን በሁለተኛው ሳምንት ተመልሰው የመጡት ናቸው።

እነርሱን ለማስቀረት በሩ ክፍት መሆን አለበት። በፌስቡክ ወይም በቲክቶክ ውስጥ ሆኖ ገጹን የከፈተ ሰው ብዙውን ጊዜ ከዚያው ከመተግበሪያው አይወጣም፤ የገጹን ስም ልብ ሳይል ጣቱን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ ወደ ሌላ ወሬ ያልፋል። ጽሑፉ ባለቀበት ቦታ ላይ የቴሌግራም ቻናል አድራሻ ወይም የኢሜይል መመዝገቢያ፣ ከዚያም በዚያው ጉዳይ የተጻፉ ሁለት ሦስት ሌሎች ጽሑፎች ካልቀረቡለት የት እንደነበረ አያስታውስም። የሚሸጥ ዕቃ ያለው ሰው ደግሞ ዕቃው፣ ዋጋውና ስልኩ እዚያው ገጽ ላይ መኖራቸውን ማረጋገጥ ይኖርበታል። ከቀሚሷ ታሪክ የተጠቀመው መጋዘኑ ውስጥ ቀሚስ የነበረው ነው።

የማኅበራዊ ሚዲያው ሕዝብ ተውሶ የመጣ መሆኑን የረሱ ድርጅቶች የከፈሉት ዋጋ ትልቅ ነው። ሊትልቲንግስ የተባለው የአሜሪካ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2014 ተመሥርቶ በዋናነት በፌስቡክ ጎብኚ አደገ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 ፌስቡክ የጓደኛና የቤተሰብ ጽሑፎችን ከድርጅቶች ጽሑፍ እንደሚያስቀድም አስታወቀ። ሊትልቲንግስ በቀጣዩ ወር ሥራውን ሲያቆም ያለ ክፍያ ይመጣለት ከነበረው ጎብኚ 75 ከመቶ የሚሆነውን በዚሁ ለውጥ ምክንያት ማጣቱን ገልጿል። ያ የ670 ሺህ ሰው ባለቤት የነበረው በዝድፊድም እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 የዜና ክፍሉን ዘጋ። ኃላፊው ጆና ፔሬቲ ትልልቆቹ ማኅበራዊ ሚዲያዎች ነፃ ዜናን የሚያኖር ሥርጭትም ሆነ ገንዘብ እንደማይሰጡ ለመቀበል መዘግየታቸውን ለሠራተኞቻቸው ጽፈዋል።

ማስታወቂያ ገዢው ምን ይጠይቅ?

በመጨረሻ ሱቁን ለማስተዋወቅ ገንዘብ ይዞ ወደ ገጽ ባለቤት የሚሄደውን ነጋዴ እንይ። በምሳሌያችን ገጽ ላይ በ29 ቀን ውስጥ 8,700 ሰው፣ በጎርፉ ቀን 60,000 ሰው መጣ። ድምሩ 68,700 ነው። ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን በአማካይ 2,290 ጎብኚ ይወጣዋል። ቁጥሩ ውሸት የለበትም፤ ነገር ግን በወሩ ውስጥ 2,290 ሰው የመጣበት አንድም ቀን የለም። ቀኖቹን ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሮ መካከል ላይ ያለውን የወሰደ ሰው የሚያገኘው 300ን ነው። ነጋዴው ነገ ማስታወቂያውን ሲሰቅል የሚያየውም ያንኑ 300 ሰው ነው፤ ጎርፉ አልፏልና።

ስለሆነም የወር ድምር ወይም አማካይ ብቻ ለሚያቀርብ ገጽ ከመክፈል በፊት የሦስት ወር የየዕለት ቁጥር መጠየቅ ተገቢ ነው። ጎብኚው ከየት እንደመጣ የሚያሳየውን ሠንጠረዥም ማየት ይጠቅማል፤ ከቴሌግራም የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ አድራሻውን በእጁ ጽፎ እንደገባ ሆኖ ስለሚመዘገብ፣ «በቀጥታ የመጣ» የሚለው ረድፍ ሁሉ ቋሚ ደንበኛ አይደለም። የተመላሽ ጎብኚ ቁጥር ከዚህ ይልቅ ያስተማምናል። ክፍያውንም በወር ከመቁረጥ በ1,000 ዕይታ ወይም ማስታወቂያውን ተጭኖ በገባ ሰው ቁጥር መዋዋል ይቻላል፤ ያኔ ሌላ ጎርፍ ቢመጣ ሁለቱም ይጠቀማሉ፣ ባይመጣም ማንም አይጎዳም። ባለ ገጹ የየዕለቱን ቁጥር ለማሳየት ካቅማማ ነጋዴው ዋጋውን በ300 ጎብኚ አስልቶ ያቅርብና መልሱን ይጠብቅ።